የሕግና የመንግሥት ሰነዶችን ከቤተ መጻሕፍት ማግኘት፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ላይብረሪ ውስጥ ስሠራ ሰው እየመጣ ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ነው እዚህ የሰበሰብኩት፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

ሕግ ከወጣ በኋላ ጽሑፉ የሚታተመው የት ነው?

የፌዴራል ሕግ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይታተማል። የአማራ ክልል ሕግ ደግሞ ዝክረ ሕግ በሚባለው የክልሉ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ጋዜጣ ይባሉ እንጂ ዜና የላቸውም። ሕጉ ከመግቢያው እስከ ፈራሚው ስም ድረስ እንዳለ ይሰፍርባቸዋል፤ ሌላ ነገር የለም።

ነጋሪት የሚለው ስም ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። ድሮ አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ይጎሰም ነበር። «ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ» ይባል ነበር። ወረቀቱ የነጋሪቱን ስም ወረሰ። የመጀመሪያው ነጋሪት ጋዜጣ የወጣው መጋቢት 1934 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ከጣሊያን እጅ የወጣችው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። መሀላቸው አራት ወር ብቻ ነው። የከተማችን ነፃነትና የታተመ ሕግ በአንድ ዓመት መምጣታቸውን ሳስብ ደስ ይለኛል። አሁን የምናውቀው ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የተቋቋመው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ነው።

ጎንደር ውስጥ የት ሄጄ ላንብብ?

መጀመሪያ የማስበው ጎንደር ዩኒቨርሲቲን ነው። የሕግ ትምህርት የሚሰጠው ማራኪ ግቢ ስለሆነ፣ የሕግ መጻሕፍትና ጋዜጦችም እዚያው ናቸው። ቀጥሎ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ። እዚያ ሁሉንም ጋዜጣ አትጠብቁ፤ ሕገ መንግሥቱንና ዋና ዋናዎቹን የሕግ መጻሕፍት ግን መጠየቅ ያዋጣል። ፍርድ ቤቶችና የፍትሕ መሥሪያ ቤቶችም ለራሳቸው ሥራ የሚያስቀምጡት ስብስብ አላቸው። በትሕትና የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ያይ ዘንድ ይፈቀድለታል።

ከጎንደር ውጭ ትልቁ ቦታ አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ሰው ወመዘክር ብሎ የሚጠራው። አገር ውስጥ የሚታተም ሥራ ቅጂው ለዚያ ቤት እንዲገባ ሕግ ያዛል። ስለዚህ እዚህ ያጣችሁትን የድሮ ጽሑፍ እዚያ የማግኘት ተስፋችሁ ሰፊ ነው። ግን ከመሄዳችሁ በፊት ማራኪን ጨርሱ። አዲስ አበባ ድረስ ደርሶ፣ የፈለገው እዚሁ መደርደሪያ ላይ እንደነበር በኋላ የሰማ ሰው አውቃለሁ።

ተማሪ አይደለሁም። ያስገቡኛል?

የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ለተማሪና ለመምህር ነው የተሠራው። በር ላይ ጥበቃው መታወቂያ ይጠይቃል፤ የከተማ ነዋሪ መታወቂያ ብቻውን ላያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ ከምትሠሩበት ቦታ ወይም ከቀበሌ «ለንባብ እንዲተባበሯቸው» የሚል አጭር ደብዳቤ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። መዋስ አትችሉም እንጂ ተቀምጦ ማንበብ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። የተማሪ ፈተና ወቅት ግን አትሂዱ። ወንበር የለም፤ ሠራተኛውም ፋታ የለውም።

እዚያው የሕግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ማዕከላት እንዳሉትም እወቁ። ጉዳያችሁ ክርክር ከሆነና ጠበቃ ማቆም ካልቻላችሁ፣ ላይብረሪ ከመግባታችሁ በፊት እነሱን አናግሩ። የትኛውን ሕግ ማየት እንዳለባችሁ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

የአዋጁን ቁጥር አላውቅም። ምን ብዬ ልጠይቅ?

ጉዳያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። «የመሬት ሕግ ስጡኝ» ማለት ሰፊ ነው። «የገጠር መሬት ለልጅ ማውረስ የሚለውን ማየት እፈልጋለሁ» ብትሉ ግን ሠራተኛው ወዲያው የክልሉ ጉዳይ መሆኑን ያውቃል። «ከሥራ አባረሩኝ» ብቻ ከማለት ደግሞ «የግል ድርጅት ነው የምሠራው» ወይም «የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» ብላችሁ ጨምሩ። ሁለቱ የሚተዳደሩት በተለያየ ሕግ ነው።

ሌላው ዘዴ ከእጃችሁ ካለው ወረቀት መነሳት ነው። የተሰጣችሁ ደብዳቤ፣ ውሳኔ ወይም ማስታወቂያ ውስጥ «በአዋጅ ቁጥር ይህን ያህል አንቀጽ ይህን ያህል መሠረት» የሚል መስመር አይጠፋም። እሱን መስመር ይዛችሁ ኑ። እንዳለ ገልብጡት እንጂ በቃል አትያዙት። የዘንድሮ ወረቀት የአሥር ዓመት የቆየ አዋጅ ሲጠቅስ ካያችሁ ደግሞ ያንን ለብቻ ምልክት አድርጉበት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አዋጅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወይም የክልሉ ምክር ቤት የሚያወጣው ነው። ደንብ አዋጁን ለማስፈጸም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ወይም የክልሉ መስተዳድር ምክር ቤት የሚያወጣው ነው። መመሪያ ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት ዝርዝሩን ለመወሰን የሚያወጣው ነው። አዋጅና ደንብ ጋዜጣ ላይ ይወጣሉ፤ መመሪያ አይወጣም።

ይህን ልብ በሉ፤ ሰው ብዙ የሚንከራተተው እዚህ ላይ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ሙሉ ቀን ፈልጎ ያጣ ሰው፣ ሲፈልግ የዋለው መመሪያ ሆኖ ይገኛል። ደንብና አዋጅ የየራሳቸው ተራ ቁጥር አላቸውና «ቁጥር 410» ብቻ ማለትም አይበቃም። የምን 410? አዋጅ ነው ወይስ ደንብ?

ቁጥሩን በትክክል ይዤ ሄድኩ፤ የተሰጠኝ ግን ሌላ ሕግ ነው። ለምን?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህ ነው። ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የፌዴራሉን ጋዜጣ ገጽ ብታዩት ለሁለት ተከፍሏል። ግራው አማርኛ፣ ቀኙ እንግሊዝኛ። ግራው ላይ «አዋጅ ቁጥር 1156/2011» የሚለው፣ ቀኙ ላይ 1156/2019 ይላል። ሕጉ አንድ ነው፤ ስሙ ግን በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ሆነ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 8 ዓመት ይለያያሉ። ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቁጥር ገልብጦ በአማርኛ ዓመት የሚፈልግ ሰው መንገድ ይስታል። ትልቁን ምሳሌ ልንገራችሁ። አዋጅ ቁጥር 1/1987 በእኛ አቆጣጠር ስንወስደው አሁን የምንተዳደርበት ሕገ መንግሥት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ካነበብነው ግን 1/1987 የደርግ ዘመኑ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት ነው፤ እሱ በእኛ 1/1980 ነው። ሁለት ሕገ መንግሥት፣ አንድ ቁጥር። አንድ ተማሪ በዚህ ምክንያት የተሳሳተውን ጠቅሶ ሙሉ ምዕራፍ ጽፎ አይቻለሁ። እንባው እስኪመጣ ነው ያዘነው።

ሁለተኛው መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ተራ ቁጥሩ ከአንድ መጀመሩ ነው። አዋጅ ቁጥር 1/1934 አለ፤ ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው። በ1967ም አዋጅ ቁጥር 1 አለ። 1/1980 አለ። 1/1987 አለ። ዓመት የሌለው ቁጥር ስለዚህ የትም አያደርስም። ከ1987 ወዲህ ግን የፌዴራል አዋጆች ቁጥር ሳይቋረጥ ነው የመጣው።

ሦስተኛው ክልልና ፌዴራል መቀላቀላቸው ነው። የአማራ ክልል 133 አለ፤ የፌዴራልም 133 አለ። የሚገናኙበት ነገር የለም። ሁልጊዜ «የክልሉ» ወይም «የፌዴራሉ» በሉ።

ጥራዞቹ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩት «25ኛ ዓመት» እያሉ ነው። የምፈልገው ዓመት የትኛው ነው?

ለፌዴራሉ ጋዜጣ ቀላል ስሌት አለ። ጥራዙ ላይ ያለውን ዓመት ወስዳችሁ 1986 ደምሩበት። 25ኛ ዓመት ሲሆን 2011 ይሆናል። 18ኛ ዓመት 2004 ነው። ከአዋጁ ቁጥር በኋላ ካለው ዓመት ላይ 1986 ብትቀንሱ ደግሞ የጥራዙን ዓመት ታገኛላችሁ። አንዴ ከለመዳችሁት ሠራተኛም መጥራት አያስፈልጋችሁም።

የጋዜጣው ራስጌ ላይ የዓመቱ ተራ፣ የዕትሙ ቁጥርና አዲስ አበባ የታተመበት ቀን አለ። ከሥሩ ማውጫ አለ። የአዋጁ ስምና የሚጀምርበት ገጽ እዚያ ተጽፏል። የገጹ ቁጥር በሺዎች ሲሆን አትደንግጡ። ከአንዱ ዕትም ወደ ሌላው እየተከታተለ ስለሚሄድ ነው።

የቤተሰብና የመሬት ጉዳይ ላይ የማየው የክልሉን ነው የፌዴራሉን?

ጎንደር ላይ ለፍቺ፣ ለጋብቻ፣ ለልጅ ማሳደግ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995። ብዙ ሰው ከኢንተርኔት የሚያወርደው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። እሱ የፌዴራል ነው፤ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። ብዙ ቦታ ይመሳሰላሉ። ፍርድ ቤት ስትቀርቡ ግን «ይመሳሰላል» አይሆንም።

የገጠር መሬት ሁለቱንም ይነካል። የፌዴራሉ አዋጅ ማዕቀፉን ያወጣል፤ አሁን ያለው 1324/2016 ነው። ክልሉ ደግሞ በራሱ አዋጅ ዝርዝሩን ይወስናል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ በተቃራኒው የፌዴራል ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ የትም ክልል ቢሆን እሱን ነው የሚያየው።

የያዝኩት ሕግ እንዳልተሻሻለ ወይም እንዳልተሻረ በምን አውቃለሁ?

አንዲት እናት ከአዘዞ በኩል መጡ። በነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ የመሬት ደብተር ይዘዋል። «ልጄ፣ 133ን አንብብልኝ» አሉኝ። ጎረቤታቸው ጽፎ የሰጣቸው ቁራጭ ወረቀት ላይ 133/1998 ይላል። ጎረቤታቸው አልዋሸም። 133/1998 የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ነበር። ግን በ252/2009 ተተክቷል። ሁለቱንም አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው። የኋለኛውን አንቀጽ ሳነብላቸው፣ ደብተራቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ሳያንቀሳቅሱ ነው ያዳመጡኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ቁጥር ይዞ ሲመጣ «ከዚህ በኋላ የወጣ አለ?» ሳልል አልሰጥም።

መንገዱ ይህ ነው። አዲሱን ሕግ አግኝታችሁ መጨረሻው አካባቢ «የተሻሩ ሕጎች» ወይም «የተሻሩና ተፈጻሚነት የሌላቸው ሕጎች» የሚለውን አንቀጽ አንብቡ። አሮጌው ሕግ መሻሩን አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ አዲሱ ነው። ስለዚህ ፍለጋ ሁልጊዜ ከቅርቡ ዓመት ወደ ኋላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛን ተመልከቱ። 377/1996 ላይ ሦስት ማሻሻያዎች ተጨመሩ፤ 466/1997፣ 494/1998 እና 632/2001። ከዚያ 1156/2011 ሁሉንም ተካ። በአሮጌው የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 60 ቀን ነበር። በአዲሱ ከወሊድ በኋላ ያለው 90 ቀን ሆኗል። አሮጌውን ይዛ ለአሠሪዋ የጻፈች ሴት 30 ቀን ታጣለች ማለት ነው። ሕፃን ላላት እናት 30 ቀን ቀላል አይደለም።

ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ አግኝቻለሁ። እሱ አይበቃኝም?

ለንባብ ሊበቃ ይችላል። ነገር ግን አራት ነገር ሳታዩ አትመኑት። የጋዜጣው ራስጌ አለው? የአዋጅ ቁጥር አለው? ቀን አለው? መጨረሻው ላይ ፈራሚ አለ? ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ረቂቅ ሊሆን ይችላል። ረቂቅ ሕግ ለውይይት ሲቀርብ በየስልኩ ይዞራል። ምክር ቤቱ አንቀጽ ቀይሮ ሲያጸድቀው ግን የድሮው ፋይል አይጠፋም። እንደገና ይዞራል፤ «አዲሱ አዋጅ» ተብሎ።

ሌላው ችግር እንደገና የተተየበ ጽሑፍ ነው። አንድ ሰው አዋጁን በዎርድ ጽፎ ያሰራጨዋል። «ይችላል» የሚለው «አለበት» ሆኖ ይገኛል። አንድ ቃል ናት፤ ግን ሙሉ ክርክር ትገለብጣለች። የጋዜጣው ገጽ እንዳለ ስካን የተደረገበት ፒዲኤፍ ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ላይብረሪ መጥታችሁ ከጥራዙ ጋር አንድ ጊዜ ካስተያያችሁት ደግሞ ከዚያ በኋላ በስልካችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

አማርኛውና እንግሊዝኛው ቢለያዩስ?

አማርኛው ይገዛል። ለፌዴራል ሕጎች ይህን የሚለው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ነው፤ ለሕገ መንግሥቱ ደግሞ ራሱ አንቀጽ 106። ይህን ከባድ የሚያደርጉት የ1950ዎቹ ትልልቅ የሕግ መጻሕፍት ናቸው። መጀመሪያ በውጭ ቋንቋ ስለተረቀቁ፣ የአማርኛው ሐረግ ሲጠጥርባችሁ እንግሊዝኛውን ለማስተዋል ያህል ማየት ይጠቅማል።

የንጉሡንና የደርግን ዘመን ሕግ ዛሬ ምን ያደርግልኛል? የትስ ይገኛል?

ብዙ ያደርጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬም ይሠራል። የውል፣ የውርስ፣ የንብረት ጉዳይ የሚታየው በእሱ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓትም እንዲሁ። የንግድ ሕጉን ደግሞ 1243/2013 በአብዛኛው ተክቶታል። የወንጀል ሕጉ የሚሠራው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው አዲሱ ነው፤ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በእሱ ተተክቷል።

ስትፈልጓቸው አንድ ነገር እወቁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የወጣው በነጋሪት ጋዜጣ ልዩ ዕትም ነው። በመደበኛው የ1952 ጥራዝ ውስጥ ገጽ ስትገልጡ ብትውሉ አታገኙትም። ለብቻው የተጠረዘ መጽሐፍ ብላችሁ ጠይቁ። የዚያ ዘመን ጋዜጣ ላይ ከአዋጅ ሌላ ትእዛዝ፣ ድንጋጌ፣ የሕግ ክፍል ማስታወቂያ የሚሉ ስሞች ታያላችሁ። ሁሉም ሕግ ነው፤ የአወጣጡ ስም ነው የሚለየው።

ከደርግ ዘመን የሚጠየቁት በብዛት ሁለት ናቸው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው 31/1967 እና የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው 47/1967። አራዳም ሆነ ቀበሌ 18 የአያቱ ቤት የተወረሰበት ሰው ሁለተኛውን ቆሞ ያነበዋል። ወረቀቱ ቀጭን ነው፤ ዳር ዳሩ ይፈርሳል። እባካችሁ ጣታችሁን ምራቅ አስነክታችሁ አትግለጡት። ብርሃን ሳታበሩ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና መልሱት።

የሰበር ውሳኔ ላይብረሪ ይገኛል?

ይገኛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሰሚ ችሎት (የመጨረሻ ውሳኔ ላይ የሕግ ስህተት አለ ሲባል የሚያየው ችሎት) ውሳኔዎችን ቅጽ እያለ አሳትሟል። የሕግ ላይብረሪ የሚባል ቦታ እነዚህን ሳይይዝ አይቀርም። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ችሎቱ ሕጉን የተረጎመበት መንገድ የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል፤ የክልሎቹንም ጭምር። ስለዚህ የሕጉን አንቀጽ ብቻ አንብቦ መሄድ ግማሽ መንገድ መሄድ ነው።

ለምሳሌ ቤት ገዝታችሁ ውሉ በሦስት ምስክር ብቻ ተፈርሟል እንበል። የፍትሐ ብሔር ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይሁን ይላል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሰበር በመዝገብ ቁጥር 21448 ተናግሯል፤ ቅጽ 4 ላይ ነው። በኋላ በሌሎች መዝገቦችም ችሎቱ ወደዚሁ ጥያቄ ተመልሷል። እንግዲህ አንዱን አንብቦ ማቆም የለም። በየቅጹ ማውጫ «ውል» በሚለው ርዕስ ሥር እየተከታተላችሁ የቅርቡ ድረስ ሂዱ። የሚጠቀሰው በመዝገብ ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩን አትርሱ።

ሕጉ ለምን እንደዚህ ሆኖ እንደተጻፈ የሚያስረዳ ሰነድ አለ?

አለ። ሐተታ ዘምክንያት ይባላል። የአሁኑ የወንጀል ሕግ ሐተታ ዘምክንያት አለው፤ እያንዳንዱ አንቀጽ ለምን እንደገባ ያብራራል። ለሕገ መንግሥቱ ደግሞ የጉባኤው ቃለ ጉባኤ አለ። እነዚህን የሕግ ተማሪዎች ብዙ ስለሚጠቀሙባቸው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መጠየቅ ይሻላል። ሕግ አይደሉም። ግን አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲሰጥባችሁ፣ የጻፉት ሰዎች ምን አስበው እንደነበር ከዚያ ይገኛል።

የሕዝብ ቆጠራና የመሳሰሉት የመንግሥት ሪፖርቶችስ?

እነሱም ላይብረሪ ይገባሉ። የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ቆጠራ ሪፖርቶች በክልል እየተከፋፈሉ ታትመዋል። የ1999ኙ የጎንደር ከተማን ሕዝብ 207,044 ይላል። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ስላልተደረገ፣ ከዚህ የበለጠ ቁጥር የምታዩት ግምት መሆኑን እወቁ። ቁጥር ስትጠቅሱ ቆጠራ ነው ወይስ ግምት የሚለውን አብራችሁ ጻፉ።

የራሳችሁ ቤት ፋይል፣ የቦታ ካርታ፣ የግብር ማህደር ግን ላይብረሪ አይፈለግም። እሱ የባለጉዳይ ማህደር ነው፤ ያለው በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ነው።

መመሪያ ጠየቅኩ፤ «የውስጥ ነው፣ አይሰጥም» አሉኝ። ምን ላድርግ?

እኔም ደርሶብኛል። አንድ ቢሮ መስኮት ላይ ቆሜ፣ በዚህ መመሪያ መሠረት ነው የተከለከልከው ተባልኩ። መመሪያውን ላንብበው ስል ለሠራተኛ ብቻ ነው አሉኝ። ያላነበብኩት ጽሑፍ ሲያስቀጣኝ ምን እንደሚሰማ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ቤቴ እስክደርስ አንጀቴ አርሮ ነበር።

የፌዴራል ተቋም ከሆነ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁ፣ 1183/2012፣ መመሪያ ሲወጣ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት፣ ቁጥር ተሰጥቶት እንዲመዘገብና በድረ ገጽ እንዲወጣ ያዛል። የሚመዘግበው የፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁ «መመሪያው ቁጥሩ ስንት ነው? ተመዝግቧል?» ይሁን። ቁጥሩን ከያዛችሁ ከሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ትፈልጉታላችሁ፤ ኮኔክሽን ከሌላችሁ ላይብረሪ ኮምፒውተር ላይ እናግዛችኋለን።

የክልል ወይም የከተማ መሥሪያ ቤት ከሆነ ይህ አዋጅ አይደርስበትም። እዚያ የሚሠራው መረጃ የማግኘት መብት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ አለ፤ ዝርዝሩ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ላይ ነው። የዚህ አዋጅ የሚዲያ ክፍል በ1238/2013 ተተክቷል፤ መረጃ ስለማግኘት የሚለው ክፍል ግን ይሠራል። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ስጡ። ቅጂው ላይ ገቢ አስደርጉና ማህተም አስመቱበት። መልስ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጣችሁ ይገባል። ከተከለከላችሁ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ትችላላችሁ፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ማህተም ያለበት ቅጂ ከሌላችሁ ግን መጠየቃችሁን የሚያሳይ ነገር የላችሁም። «ኧረ ይሁን» ብላችሁ አትተዉት።

ከላይብረሪ ያነሳሁት ፎቶ ኮፒ ለፍርድ ቤት ይሆናል? ማህተም ልታደርጉልኝ ትችላላችሁ?

ላይብረሪ ሕግን አያረጋግጥም፤ ማህተም አንመታም። አያስፈልግምም። በነጋሪት ጋዜጣ የወጣን ሕግ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሳይጠይቅ መቀበል አለበት። ሕጉን እንደ ምስክር ቃል ማስመስከር የለባችሁም። የሚፈለገው በትክክል መጥቀስ ነው።

ዳኛው ፊት አውጥታችሁ ለማሳየት ኮፒ ካደረጋችሁ ግን የፈለጋችሁትን አንቀጽ ብቻ አታስነሱ። የመጀመሪያውን ገጽ ከነራስጌው፣ ትርጓሜ የሚለውን አንቀጽ፣ የፈለጋችሁትን አንቀጽና የመጨረሻውን ገጽ አንድ ላይ አስነሱ። ያ አራት ወይም አምስት ገጽ ቢሆን ነው። ማራኪም ፒያሳም ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ግራና ቀኝ ያለውን ጽሑፍ ጠርዙን ቆርጠው ያነሱታል፤ ጠርዙ ላይ የታተመው የገጹ ቁጥር ይጠፋል። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ በአንድ እዩት። ከዚያ የጋዜጣውን ስም፣ ዓመቱን፣ የዕትሙን ቁጥርና ቀኑን በስክሪብቶ ጀርባው ላይ ጻፉት።